የአሰልጣኙ ዩኒቨርሲቲ

ልጁ ምን እንደምትማር ስትጠይቁት የዩኒቨርሲቲዋን እግር ኳስ አሰልጣኝ ስም የሚነግራችሁ አባት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ። ጋሽ ሸምሱ ይባላሉ፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ሶዌቶ ውስጥ የሰፈር ሱቅ አላቸው።

ዝነኛው አሰልጣኝ የተቀጠረ ዓመት ለዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ጎረፈለት፤ ለጋሽ ሸምሱም ክብር ጎረፈላቸው። የሰውየውን ፎቶ የሱቁ ብረት ፍርግርግ ላይ ለጠፉት። ድሮ ዳቦውን ገዝቶ ውልቅ ይል የነበረው ደንበኛ ሁሉ «ባባ፣ ልጅህ እሱ ጋ ናት አሉ» እያለ ቆሞ ያወራቸው ጀመር። መሳቅ ቀላል ነው። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ግርግር በተነሳ ቀን ልጅቷ ኬሚስትሪ ትማራለች ብሎ የመጤ ሱቅ የሚጠብቅ ጎረቤት የት ይገኛል?

ባለፈው ወር አሰልጣኙ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ቅዳሜ ልጠይቃቸው በጓሮ በር ወደ ሱቁ ስገባ፣ ጋሽ ሸምሱ ለቅሶ የተቀመጡ መስለው ልጃቸውን ራህማን ይለማመጧታል።

«አንቺም ተዛወሪ።»

«አባዬ፣ የመጨረሻ ዓመቴ እኮ ነው።»

«እሱ የሄደበት ኬሚስትሪ የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ?»



«አባዬ፣ እኔ ሰውየውን አንድ ቀን እንኳ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።»

ጋሽ ሸምሱ ደነገጡ። ከፍርግርጉ ወዲያ ተራ የሚጠብቁትን ደንበኞች አንድ በአንድ አዩዋቸው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው፣

«እንኳንም በአማርኛ ነገርሽኝ» አሏት።