የእትዬ አስካለ ስም የሌለበት ድልድል

ዛሬ ያደረግኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። እኔም ገና አላመንኩም!

ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የ«ለውጥ ፕሮጀክት» ኃላፊ ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ ስብሰባ፣ ፓወርፖይንት፣ ፖስተር። «ለውጥ የሚሳካው በሰው ነው» የሚለውን ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

በገዛ እጄ!

አዲሱ አሠራር ቀላል ነው። እስከ ዛሬ ብርድ ልብሱ የሚፈተሸው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ ለብቻው በአንድ ክፍል ነበር። ከእንግዲህ ሁሉም ሠራተኛ እዚያው ማሽኑ ላይ ይፈትሻል። ማን የት እንደሚመደብ ትናንት መውጫ ሰዓት ላይ ኖቲስ ቦርድ ላይ ለጠፍኩ። ርዕሱ «የሠራተኞች ድልድል» ይላል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ አሁን «ወይ ጉድ!» ብላችኋል አይደል? እዚያ በድልድል ስሙ ያልወጣ ተሰናባች ነው ለካ፤ እኔ የት አውቄ! ለእኔ ድልድል ማለት ምደባ ነው፣ አለቀ።

የፍተሻ ክፍሏ አንጋፋ እትዬ አስካለ ናቸው። የሳሳ ቦታ በእጃቸው ጀርባ ዳብሰው ያገኛሉ። ስማቸውን ከዝርዝሩ የተውኩት የሁሉም አሰልጣኝ ላደርጋቸው ስላሰብኩ ነው። ዛሬ ጠዋት በሰው ፊት ላበስራቸው። ሰርፕራይዝ!

ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ኬክ ይዤ ስገባ ማሽኑ ቆሟል። ሁለት ሴቶች ያለቅሳሉ። አንዷ ቀና ብላ እጄን አየችና፣ «ጭራሽ ኬክ!» አለች።

ለካ እትዬ አስካለ ትናንት ማታ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከትለው ስማቸውን ሲያጡ፣ ዛሬ ጠዋት ጋውናቸውን አጣጥፈው ለንብረት ክፍል አስረክበው ገና አሁን ወጥተዋል። ማንንም ምንም አልጠየቁም።

ሮጥኩ። ባጃጅ መያዣው ጋ ደረስኩባቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆመዋል።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ አሰልጣኝ ነዎት!» አልኩ እያለከለክኩ።

ጋቢውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ።

«ባለቤቴም ከመንግሥት ቢሮ የወጣው በድልድል ነው» አሉኝ። «ስሙን አጥቶ መጣ። ለምን ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት አላገኘም፤ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠና። እኔ እንደሱ አልለምንም ብዬ ነው የወጣሁት፣ ልጄ።»

እውነቴን ነው፣ አፈርኩ። የእኚህን ሴት የስንት ዘመን ድካም በአንድ ወረቀት ከንቱ አድርጌባቸው ነው ያደሩት።

«ሰርፕራይዝ ላደርግዎት ነበር» አልኩ። (አፌ መቼ ያርፋል!)

«በእንጀራዬ?»

ደግነቱ ተመለሱልኝ። በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ወረቀቱንም ቀደድኩት። ጋውናቸውን መልሰው ለበሱ። ከዚያ አሰልጣኝ ይሆኑልኝ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «አሁን ገና ጠየቅከኝ። እስቲ ላስብበት» አሉ።

ከሰዓት አለቃዬ ደውሎ ፕሮጀክቱ የት ደረሰ አለኝ።

«እትዬ አስካለ እያሰቡበት ነው» አልኩት።

ወገኖቼ፣ ማስተርሴን የሠራሁት በለውጥ አመራር ነው። ሰውን አስቀድሞ መጠየቅ የሚባለው ነገር የትኛው ኮርስ ላይ ነበር? ወይስ ያን ቀን ቀርቼ ነው?