ሙሾ በሦስት ቅጂ

ስሟን የማልጠቅሳት የጉና ሥር ከተማችን ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ሲሞትና ሲቀበር ኖሯል፤ በሥርዓቱ መለቀስ የጀመረው ግን የባህል ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ደሳለው ከባሕር ዳር የሦስት ቀን ሥልጠና በተመለሱ ማግሥት ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ግድግዳ ላይ አስለጠፉና መመሪያ አወጡ። ከእንግዲህ ማንኛውም ሙሾ ከቀብሩ አምስት ቀን አስቀድሞ በሦስት ቅጂ ቀርቦ፣ በኮሚቴ ታርሞ፣ ማኅተም ካላረፈበት አይለቀስም።

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዡ፣ «ሰው የሚቀበረው በሞተ በዕለቱ አይደለም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ኅብረተሰቡ አስቀድሞ የማቀድ ባህሉን ያዳብር» አሉ። አዳበረ።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ አስለቃሿ እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። ፊደል አይለዩም፤ ነገር ግን በአገሩ እሳቸው ያላለቀሱለት ሰው እንደሞተ አይቆጠርም። ታላቅ ወንድማቸው አያ ይሻው አልጋ ይዘው፣ «አደራሽን እቴ፣ እንደ ከብት ዝም ተብዬ እንዳልቀበር» ብለዋቸው ነው የመጡት።

«ሟች መቼ አረፉ?» አሉ አቶ ደሳለው ቅጹን ይዘው።

«ኧረ አልሞተም ጌታው። ገና ያጣጥራል።»

«እሰይ፣ በጊዜ መጡ። ሌላው ግን ከሞተ በኋላ እየመጣ ሊያስቸግረን ነው። በሉ ይበሉ፣ ይጻፋል።»

እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ።

በሬዎቹ ቆመው ደጅ ደጁን ያያሉ፣
ገብሱ ደርሶ ሳለ ጌታችን የት አሉ።

የጻፍሁት ይህችን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ እስክሪብቶዬን እንደያዝሁ አለቀስሁ፤ ኮሚቴውም በሙሉ ድምፅ አለቀሰ። አቶ ደሳለው መነጽራቸውን ጠርገው፣ ሙሉው ስላልተጻፈ ይደገም ብለው አዘዙ። እትዬ ጥሩወርቅ ደገሙ።

አውድማው ተጠርጎ ነፋሱም መጣልህ፣
መንሹን ማን ያንሣልህ፣ ምነው መተኛትህ።

«ይሄ እኮ የፊተኛው አይደለም» አሉ አቶ ደሳለው።

«የፊተኛውማ ሄደ ጌታው። ያፍ ነገር ነው፤ ሲመለስ ሌላ ሆኖ ነው የሚመጣ።»

«ቅጂው ከዋናው ጋር አይመሳከርም ማለት ነው?»

«ወንድሜ ግን ያው ነው።»

ኮሚቴው በጥልቀት ተወያየ። አንድን ወንድም በሁለት ዓይነት ሙሾ ማልቀስ ከማጭበርበር ስለማይለይ፣ ጽሑፉን ኮሚቴው ራሱ እንዲያዘጋጅ፣ ባለጉዳይዋም በቀብሩ ላይ ትንፍሽ ቢሉ የማልቀስ ፈቃዳቸው እንዲሰረዝ ተወሰነ። ውሳኔውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይሉኛል።

አያ ይሻውም መመሪያውን አክብረው በስድስተኛው ቀን ዐረፉ። አቶ ደሳለው ከሬሳው ራስጌ ቆመው፣ በድምፅ ማጉያ አነበቡ።

«አቶ ይሻው በግብርናው ዘርፍ ለተከታታይ አርባ ዓመታት የላቀ አስተዋፅኦ ያበረከቱ ሲሆን፣ በመሆኑም ወዮ። ወዮ፣ ሁለት ጊዜ ይባላል። ገጽ አንድ አለቀ።»

ደረቱን ሊመታ እጁን ያነሣው ለቀስተኛ ግራ ገባው። ገጽ ሁለት ሲያልቅ አንዱ አጨበጨበ፤ ስብሰባ የለመደ ሕዝብ ነውና ሁሉም ተከተለ። እትዬ ጥሩወርቅ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ቆሙ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ደንብ አክባሪው እንኳ በራሴ አፈርሁ። አያ ይሻው እንደፈሩት ተቀበሩ።

ከቀብር ስንመለስ አቶ ደሳለው ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ሰው እስኪያልፍ ጠብቀው ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ጠጋ አሉ።

«እትዬ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መቼም ቀን አይቀርም። የኔ ሲደርስ፣ ወረቀቱ ይቅርና፣ እንዲያው እንደድሮው ባፍዎ...»

እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በአክብሮት እጅ ነሡ።

«ምን ቆርጦኝ ጌታው። እኛ መሃይሞቹ ነን በለቅሶ የምንሸኝ። እርስዎማ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ለርስዎ የሚያምረው ንባቡ ነው።»