ክቡር ዳኛው መጠጥ ቤት ሲገቡ

መጠጥ ቤት ሲገባ ችሎት የተሰየመ የሚመስለው ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የእኛው «ክቡር ዳኛ» ይባላሉ። ሙያቸው ልብስ ሰፊነት ነው፤ ዳኛ አድርጎ የሾማቸው የለም። አብሮ አደጌ ስለሆኑ ፊት ለፊት «አንተ» እላቸዋለሁ፤ አንቱታው ለሐሜት ነው።

እኔ የመኪና አደጋ እግሮቼን ከነሳኝ ወዲህ የምሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የምመኘው ትልቅ ነገር አይደለም፤ እንደ ድሮዬ ከሰው መሀል ሆኜ አንድ ቢራ መጠጣት ብቻ። ክቡር ዳኛው ግን እኔን ደጅ አቁመው ቀድመው ይገባሉ። አንገታቸው ላይ ባንጠለጠሉት ሜትር በሩን ይለካሉ፤ ሽንት ቤቱን ይፈትሻሉ፤ ሙዚቃው ይጮሃል፣ አስተናጋጁ ፊቱን አይፈታም ይላሉ። ከዚያ ወጥተው ይፈርዳሉ፦ «ይሄ ቤት አይሆንህም፤ እንሂድ።» በዚህ ዓይነት ከተማውን አዳርሰን አንድ ብርጭቆ አልቀመስንም።

አንዱ ቤት ደረጃ ነበረው። ጠጪዎቹ «እኛ እንሸከመዋለን!» ብለው ብድግ አሉ። ክቡር ዳኛው «ጓደኛዬ ጆንያ መሰላችሁ?» ብለው አፈጠጡባቸው። ሌላው ቤት ደረጃ የለውም፤ ገና ስገባ ግን ሙዚቃው ተቀነሰ፣ ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠልኝ፣ አንዲት ሴትዮ «እኔን ይድፋኝ፣ ልጄ!» አሉ። ክቡር ዳኛው ወንበሬን አዞሩት። «ይሄማ ለቅሶ ቤት ነው» አሉኝ።

መረረኝ። «ቤቴ መልሰኝ! ሁለተኛ ከአንተ ጋር አልወጣም!» አልኳቸው።

እሳቸው ግን ወንበሬን መግፋታቸውን አላቆሙም። «አንድ ቤት ብቻ እንይ፤ ከዚያ እንደ ፍጥርጥርህ» አሉ።

ያቺ አንዲት ቤት ጠባብ ግሮሰሪ ነበረች፤ በሯ ወንበሬን ለጥቂት አሳለፈው። ቀለሟ ተልጧል፣ አምፖሏ ይርገበገባል። ሁሉም ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጦ ኳስ ያያል፤ ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ወንበሬን መሀል ላይ እንዳቆምኩ ከኋላዬ አንድ ሹፌር ጮኸ፦

«አንተ ሰውዬ! ከለልከን እኮ! ዘወር በልልን!»

«አንገትህ ለምን ተፈጠረ? ቀና ብለህ እይ!»

ሰደበኝ፤ ሰደብኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከአደጋው ወዲህ እንደ ሰው የተጣላኝ እሱ ብቻ ነው፤ ደስ አለኝ።

ክቡር ዳኛው ሊደባደቡልኝ ተነሥተው እንደሆነ ብዬ ዞር አልኩ። ጥጋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ወገግ ብሏል። ለካ ይህን ያህል ጊዜ የሚፈልጉልኝ ይህንን ነበር። የዚያን ዕለት የወደድኳቸውን ያህል ወድጃቸው አላውቅም። የቀረበላቸው ቢራ ለብ ያለ፣ ብርጭቆውም ጠርዙ የተሸረፈ ነበር። አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ጨለጡት።