ልጄና አራተኛው ዕጣ

መራጭ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ወልጃለሁ፤ ተመስገን።

ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለን፤ ለገና እንግዳ ካላገኘን ክፍሎቹ ባዶ ሊቀሩ ነው። ልጄ ድረ ገጽ ልሥራ ብሎ ጾሙ ሲገባ ተነሣ፤ የመሥሪያውን ሶፍትዌር ሲያማርጥ ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ቀረው። አንዱ ይከብዳል፣ ሌላው ለስልክ አይመችም፣ ሦስተኛው መልኩ አያምርም። ጳጳስ የሚሾም እንጂ ድረ ገጽ የሚሠራ አይመስልም።

የጽዋ ማኅበራችን ተረኛውን በዕጣ እንደሚለየው፣ እኔም የሦስቱን ሶፍትዌሮች ስም ለዕጣ ጽፌ ለንስሐ አባታችን ሰጠሁ። ጸልየው አንዱን አወጡ።

«በል ልጄ፣ ወጣልህ፤ ጀምር» አሉት።

«አባታችን፣ ትናንት አራተኛ አግኝቻለሁ። እሱም ይግባና ይደገም?»

«ጸሎቱንም ልድገመው?» አሉና ሳቁ።

ልጄ አፈረ፤ በወጣለት ጀምሮ በሦስተኛው ቀን ሠርቶ ጨረሰ። እንግዶችም ገቡልን፤ ተመስገን።

ሚስት አግባ ልለው አስቤ ነበር፤ ግን ስንት ዕጣ ልጻፍ?