የጋሽ በላቸው ሕግና የቦያችን ጭቃ

የዘንድሮ ዝናብ እንደ ዱሮው አይደለም አይደል? ሲጠብቁት ይቀራል፤ ልብስ ሲያሰጡ ከች ይላል። እኔ መካኒሳ አቦ ልብስ ሰፊ ነኝ። አምና ክረምት ቦዩ ሞልቶ ሱቄ ገባና የሰው የሠርግ ቀሚስ ጭቃ ውስጥ ዋኘ። ሙሽሪትን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ዘንድሮ ከደገመኝ ሱቁን መዝጋቴ ነው።

ስለዚህ ጎረቤቱን አስተባበርኩና ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዘን ወጣን። ከሱቄ ፊት ለፊት ያሉት ጋሽ በላቸው ብቻ አልወጡም። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ አስተማሪ ናቸው። በራቸው ላይ ቆመው፣ «በከንቱ ነው የምትለፉት» አሉን። ኢንትሮፒ የሚባል ሕግ አለ አሉ። የተስተካከለ ሁሉ ወደ መበታተን ይሄዳል፤ የነደደ ቤንዚን ተመልሶ ቤንዚን አይሆንም፤ ጭሱ ሰማይ ላይ ተበትኖ ይኸው ዝናቡንም አሳበደው። የአየሩም የቦዩም ነገር ያው ነው አሉ። ወይ ጉድ! እና እጃችንን አጣጥፈን እንስመጥ?

ጠረግን። ጭቃውን ከነፌስታሉ አውጥተን፣ እንደ አገሩ ወግ፣ እዚያው ቦዩ ዳር ከመርነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ከሰዓት ዘነበና ክምሩ ሁሉ ተመልሶ ቦዩ ገባ። ጋሽ በላቸው በመስኮት ብቅ ብለው፣ «አላልኩም?» አሉ።

ደሜ ፈላ። ጋሼ፣ ይሄ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የኛ ስንፍና ነው አልኳቸው። ደግሞስ ሁሉም መበታተኑ ካልቀረ፣ ጺምዎን በየጠዋቱ ምን ያስላጭዎታል? አገጫቸውን ዳበስ አደረጉና መስኮቱን ዘጉ።

በሳምንቱ እንደገና ወጣን። አሁን ጭቃውን በማዳበሪያ ከረጢት ሞላነው። ግን የት ይሂድ? ስንከራከር ጋሽ በላቸው ቦት ጫማ አድርገው ብቅ አይሉም! ፌስታሉን ለቅማችሁ ጭቃውን ጓሮዬ አምጡት አሉ። ሕጉ ተሻረ እንዴ ብላቸው፣ አልተሻረም፤ ግን ፀሐይ ጉልበት እየሰጠች ሰውም ከለፋ፣ ትንሽ ቦታ ማስተካከል ይቻላል አሉኝ። ይህን መጀመሪያ ቢነግሩን ምን ነበረበት?

ከዚያ ወዲህ ስንት ዝናብ ወረደ፤ ሱቄ አንዴም አልረጠበም። ቦዩማ ይቆሽሻል። ይቆሽሻ! እኛም በየቅዳሜው እንጠርጋለን።

ትናንት ጋሽ በላቸው በጭቃችን ያበቀሉትን ጎመን አንድ እቅፍ ይዘውልኝ መጡ። አስተማሪ አይደሉ፣ «ዛሬውኑ ካልሠራሽው ይበላሻል፤ ሕግ ነው» አሉኝ።

ቀቅዬ በላሁታ! ሕጉ ይቅደመኝ እንዴ?