ሲበላ አሳየኝ

ሻጭ የሚሸሸው ገዢ በየከተማው አንድ አይጠፋም። ሐብሐብ ሲገዛ ጆሮውን ለጥፎ የሚያንኳኳ፣ ጫማ ሲለካ ሱቁን የሚዞርበት፣ ዳቦ ቤት ገብቶ መቼ እንደተጋገረ ብቻ ሳይሆን ማን እንደጋገረውም የሚጠይቅ ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የማታውቁ ካላችሁ ምናልባት ሰውየው እናንተው ናችሁ።

በስቶክሆልም ይህን ማዕረግ ያለ ተወዳዳሪ የያዘችው ወይዘሮ ያለምወርቅ ነበረች። የሰፈሯ የፋርስታ አበሾች «ክብርት መርማሪ» ይሏታል፤ በፊቷ ግን ማንም ብሎ አያውቅም። ለእሷና ለባሏ ቤት ሲሰጥ ቁልፍ ይዞ የመጣውን የአከራይ ሠራተኛ በር ላይ አቁማ፣ ቧንቧውን ሁሉ ከፍታ፣ ሽንት ቤቱን ደጋግማ ለቅቃ፣ ጎረቤት አንኳኩታ «ክረምት ላይ ይሞቃል?» ብላ ነው የፈረመችው። አልጋ ልትገዛ ሄዳ ጫማዋን አውልቃ ተጋድማበት እንቅልፍ ወስዷታል። የሱቁ ሰዎች እየተንሾካሾኩ ሲያልፉ ባሏ ባዩ የእሷ ሰው መሆኑ እንዳይታወቅበት መብራት የሚመርጥ መስሎ ቆመ።

ባዩ ፖስታ ቤት ደብዳቤ የሚለይ፣ ረዥም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ይሉኝታ የገደለው ሰው ነው። አውቶቡስ ላይ እግሩን ሲረግጡት ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። ስዊድንኛው ከሚስቱ የተሻለ ስለሆነ በየሱቁ አስተርጓሚዋ ሆኖ ኖሯል፤ ምስኪኑ።

የዓሣው ጉዳይ የመጣው በደም ግፊቱ ምክንያት ነው። ፋርስታ ያለው ጤና ጣቢያ፣ ተራ መጠበቂያው ውስጥ ትልቅ የባሕር ዓሣ ገንዳ ነበር። አንድ ቀን ባዩ ከፊቱ ተቀምጦ ቆየና ሲለካ ግፊቱ ወርዶ ተገኘ። እሱ እንደሚገምተው የወረደው ያለምወርቅ በዚያ ሰዓት መድኃኒት ቤቱን ስትመረምር ስለነበረች ነው። ግን አልተናገረም። እሷ ደግሞ ነርሷን፣ ገንዳውንና ባሏን በየተራ አየችና ፈረደች፤ «ቤታችን ባሕር ይገባል።»

ገባም። ገንዳው ከሳሎኑ መስኮት ሥር ተተከለ፤ ጨዉ ተለክቶ በውሃ ተበጠበጠ፤ ማጣሪያው እያንጎራጎረ ውሃው እስኪረጋ ወራት አለፉ። ከዚያ ትናንሽ ሰማያዊ ዓሦች ገቡ። በዚያ ሰሞን ባዩ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወንበር ስቦ ይቀመጥ ነበር። እውነትም ልቡ ይረጋለታል።

ስህተቱ የመጣው ብቻውን ዓሣ ሊገዛ የሄደ ቀን ነው። የቤት እንስሳት የሚሸጠው ድርጅት በየሴንትሩሙ፣ ማለትም በየሰፈሩ የገበያ ማዕከል፣ ቅርንጫፍ ነበረው፤ ፋርስታም፣ ሶለንቱናም፣ ሻርሆልመንም ያው ምልክት፣ ያው አረንጓዴ ሽርጥ፣ ያው ፈገግታ። ባዩ ፋርስታ ገብቶ አንድ ብርቱካንማ፣ ነጭ ቀበቶ የታጠቀ ዓሣ አመለከተ። ሻጩ በመረብ ሊያወጣው ሲል ዓሣው ጥግ ላይ ተኝቶ ሲያለከልክ ባዩ አይቷል። ክንፎቹ ላይ ጨው እንደተነሰነሰበት ያለ ነጭ ነጥብም አይቷል። ነገር ግን ሰውየው ከረጢቱን ሞልቶ፣ አፉን አስሮ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ እጁ ላይ አኖረለት። ከዚያ በኋላ እንዴት ተደርጎ እምቢ ይባላል?

በሳምንቱ ውስጥ አዲሱም ነባሮቹም አለቁ። ያለምወርቅ የሞቱትን በማንኪያ እያወጣች አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«የገደላቸው በሽታ እንዳይመስልህ» አለችው። «ይሉኝታህ ነው።»

ከዚያ በኋላ የዓሣ ግዢ ሥልጣን ከባዩ ተነጥቆ ለክብርት መርማሪ ተላለፈ። የፋርስታ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥዕሉ የበዛ የዓሣ መጽሐፍ አግኝታ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሥራዋ ስትመለስ ታጠናዋለች፤ ያልገባትን ባዩ ይተረጉምላታል። ገንዳው በሽታው እስኪጠፋ ያለ ዓሣ ተተወ። ጊዜው ሲደርስ የቅዳሜ ዘመቻው ተጀመረ።

ሥርዓት ነበራት። መጀመሪያ ከሩቅ ትቆማለች፤ «ከቀረብኩ ጤነኛ መስሎ ይታያል፤ ሰውም እንደዚሁ ነው» ትላለች። ከሩቅ አተነፋፈሱን ታያለች። ቀጥሎ ትቀርብና ዓይኑ ጥርት ያለ መሆኑን፣ ክንፉ መዘርጋቱን፣ ከድንጋይ ጋር ራሱን የሚያክክ መሆን አለመሆኑን ታጣራለች። በመጨረሻ ወደ ሻጩ ዞር ትልና ያችን ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፤

«ሲበላ አሳየኝ።»

የፋርስታው ሻጭ ጠዋት እንደበሉ ነገራት።

«እኔም ጠዋት በልቻለሁ» አለች። «አሁን ቢቀርብልኝ ግን እበላለሁ። በለው።»

ባዩ ጉሮሮውን ጠረገና በስዊድንኛ «ባለቤቴ በጣም ታመሰግናለች፤ እናስብበታለን ትላለች» ብሎ ተረጎመ። ሻጩ ፈገግ አለ። ያለምወርቅ የሻጩን ፈገግታ አይታ «ምን ያስቀዋል?» አለች።

ሶለንቱና ድረስ በባቡር ሄዱ። እዚያ ደግሞ የምግብ ሰዓት አልፏል ሲሏት፣ ከቦርሳዋ የራሷን የዓሣ ምግብ ቆርቆሮ አውጥታ ክዳኑን ልትከፍት ስትል ሽርጥ የለበሰች ሴት ሮጣ መጣች። «ንገራት» አለች ያለምወርቅ፣ «በግ ሳይዳሰስ አይገዛም። እኔ የደሴ በግ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ እነዚህን መዳሰስ ስላልቻልኩ ነው ሲበሉ ልይ ያልኩት።» ባዩ ለሴትዮዋ «ባለቤቴ ሱቃችሁ ንጹሕ ነው ትላለች» አላት።

እንዲህ እያለ ብዙ ቅዳሜ አለፈ። እሷ ትፈርዳለች፤ እሱ ፍርዱን ሲተረጉመው ምስጋና ያደርገዋል። በሁለቱ መካከል ሰላም ነበረ፤ ገንዳው ግን ባዶ ነበር፤ ባዩም ማታ ማታ ከባዶው ውሃ ፊት ወንበር ይስባል።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል አንድ ቅዳሜ ሻርሆልመን ሄዱ። ሴንትሩሙ በሰው ተጨናንቋል። የቅርንጫፉ ኃላፊ ሼል የሚባል፣ ቀይ ጢም ያለው፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ነው፤ ያለምወርቅን ከዚህ በፊት ስላያት ገና ስትገባ በረዥሙ ተነፈሰ። እሷም እንደ ልማዷ ከሩቅ ቆመች። ብዙም ሳትቆይ ፊቷ ተለወጠ።

«ባዩ፣ ያቺን ቢጫ ተመልከት።»

አየ። ቢጫዋ ዓሣ ጎኗን ከድንጋይ ጋር ታክካለች። ጨው የተነሰነሰባት ትመስላለች። ያንን ነጥብ ባዩ ያውቀዋል።

«ቧንቧዎቹን ደግሞ እያቸው» አለች። «ገንዳዎቹ ሁሉ አንድ ውሃ ነው የሚጠጡት። የአንዷ በሽታ የሁሉም ነው።»

ይህን ስትል ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ስዊድናዊ ጣታቸውን ወደዚያችው ቢጫ ዓሣ ቀሰሩ፤ ሼል መረቡን ከውሃው ከተተ። ሽማግሌው ዓሣዋን ሆስፒታል ከርማ ለምትመለሰው ሚስታቸው እንደሚወስዱላት ለሼል ሲነግሩት ባዩ ሰማና ለያለምወርቅ ነገራት። አለመንገር ይችል ነበር። ለምን እንደነገራት ኋላም አላወቀውም።

ያለምወርቅ ወደ ሼል ተራመደች። «በለው፤ ዓሣዋ ታማለች። ለእኚህ ሰው እንዳይሸጥላቸው።»

ባዩ ሼልን አየ፤ ሰልፉን አየ። አፉ እንደለመደው ሄደ። «ባለቤቴ መልካም ገና ትላለች» አለ።

ያለምወርቅ ወደ ባሏ ቀስ ብላ ዞረች።

«ባዩ። ‹ሹክ› የምትለዋን የስዊድንኛ ቃል ሆስፒታል ቀኑን ሙሉ ስሰማት ነው የምውለው። በሽተኛ ማለት ናት። ከአፍህ አልወጣችም።»

አንድ እርምጃ ቀረበችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትተረጉመው?»

ባዩ ጫማውን አየ። የፋርስታው ሻጭ ፈገግታ ትዝ አላት መሰለኝ፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ከቁጣ የባሰ ነገር ነበር። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት በየሱቁ ስትናገር ማንም አልሰማትም ኖሯል።

ሼል በዚህ መሐል ትዕግሥቱ አለቀ። መረቡን ይዞ ለባዩ ተናገረ፤ ለባዩ ብቻ፣ እሷ እንደሌለች አድርጎ። «ለሚስትህ ንገራት፤ ይህ ሙዚየም አይደለም። የማትገዛ ከሆነ ሁለተኛ እንዳትመጣ። በመጣችሁበት አገር እንዲህ ተደርጎ ይገዛ ይሆናል፤ እዚህ ግን በሰው ሥራ ጣልቃ አይገባም።»

ባዩ ይህን አንዲት ቃል ሳያለሰልስ ወደ አማርኛ መለሰው። ያለምወርቅ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ጥቂት ቃል ብቻ ተናገረች፤ ባዩም ቀና ብሎ፣ ትከሻውን ዘርግቶ፣ ሰልፉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ አንድ በአንድ ተረጎመው።

«ባለቤቴ የምትለው ይህ ነው። በመጣሁበት አገር የታመመ በግ አውቆ የሚሸጥ ሰው ገበያ መሐል ስሙ በነውር ይጠራል። እዚህ ስሙ ስለማይጠራ ነው ወይ ፈገግ የምትሉት?»

ባዩ ግን አላበቃም፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ትርጉም አልነበረም።

«እኔ ደግሞ የምለው አለኝ። ፋርስታ ካለው ቅርንጫፋችሁ እንደዚህች ያለ ዓሣ ሸጣችሁልኝ ቤቴ ያለውን ሁሉ ጨረሰ። ታሞ አይቼዋለሁ፤ አፍሬ ነው የወሰድኩት። ዛሬ አላፍርም። አባባ፣ ጎንበስ ብለው ይዩዋት፤ ክንፏ ላይ ያለውን ነጭ ነገር።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎነበሱ። ቆይተው ተነሱና ለሼል «አይሆንም፤ ይቅርብኝ» አሉት።

«ውጡልኝ» አለ ሼል።

«አንወጣም» አለ ባዩ። «ዓሣ ልንገዛ ነው የመጣነው። ጤነኛ ካለህ ሲበላ አሳየን።»

ሼል ጢሙን ያሻሽ ጀመር። ከሰልፉ አንዲት ሴት «እኔም ሲበላ ማየት እፈልጋለሁ» አለች፤ ከኋላዋም ጉርምርምታ ተነሣ። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቅዳሜ የደከመው ሻጭ ነው። ዞሮ ቢጫዋን ለረዥም ጊዜ አያትና መረቡን አስቀመጠ። በገንዳዎቹ ሁሉ ላይ «አይሸጥም» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ከዚያ ባልና ሚስቱን በጣቱ ጠርቶ ወደ ጓዳ ይዟቸው ገባ። እዚያ ውሃው ከሌላው ጋር የማይገናኝ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ብርቱካንማና ባለ ነጭ ቀበቶ ዓሣ ብቻውን ይዋኛል። የጀርባው ክንፍ ጫፍ ትንሽ የተቀደደ ነበር። ሼል ለራሱ ያቆየው እንደሆነ ተናገረና ቁራጭ ምግብ ጣለ። ዓሣው እንደ ጥይት ወጥቶ ዋጠው።

ያለምወርቅ አላመሰገነችም። «ድገመው» አለች።

ባዩ «ድገመው ትላለች» ብሎ ተረጎመ። ሼል ሳቀ፤ ደገመውም።

ዓሣውን ገዝተው ሲመለሱ ብርዱ ያቃጥላል። ጣቢያው ላይ የምድር ውስጥ ባቡሩን፣ ቱነልባናውን፣ ሲጠብቁ ያለምወርቅ ከረጢቱን ለባዩ ሰጠችው። «ካፖርትህ ውስጥ አድርገው፤ አንተ ትሞቃለህ።» ደረቱ ላይ አስጠግቶ ቆለፈበት። ውሃው ሲንቀሳቀስ ይሰማዋል።

«ያለምዬ» አለ። «እኔንስ ስታገቢኝ እንዲህ መርምረሽኝ ነው?»

«አንተን?» ሐዲዱን አሻግራ አየች። «አንተንማ ዝም ብዬ ነው የወሰድኩህ። ካርቱም በስደት ሳለን፣ ያ ሁሉ ሰው ሲጋፋ ለሁሉም መንገድ ትለቅ ነበር። አየሁህና ወሰድኩህ። አንዲት ነገር እንኳ አልጠየቅሁም።»

ባዩ ይህ ስድብ ይሁን ሙገሳ ለማወቅ ሞከረ። ከዳቦ እስከ አልጋ፣ ከቧንቧ እስከ ዓሣ፣ ይህች ሴት በሕይወቷ ሳትመረምር የወሰደችው አንድ ነገር እሱ ብቻ ነው። ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተገላበጠ፤ ዓሣው ይሁን ሌላ አላወቀም።

ባቡሩ ሰው እንደሞላ መጣ። በሩ ሲከፈት ባዩ ሚስቱን ከፊት አስቀደመ፤ አንድ ግዙፍ ሰው ሊጋፋቸው ሲጠጋ ክንዱን ዘርግቶ በሩን ያዘና በጠራ ስዊድንኛ፣ ይቅርታም ሳይጨምር፣ «ተራህን ጠብቅ፤ ዓሣ ይዣለሁ» አለው።