የባልዲው ኃላፊ

በእኛ አገር የተበላሸ ነገር አይጠገንም፤ ሰው ይመደብለታል። አልዘጋ ያለ በር ካለ ዘበኛ ወንበር ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል። አልከፈት ያለ በር ካለ ደግሞ ሌላ ዘበኛ ከፊቱ ቆሞ «በዚህ አይደለም፣ በጓሮ ዙሩ» እያለ ይውላል። ውሃው የማይቆም ቧንቧ ካጋጠማችሁም ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ ከሥሩ ጀሪካን የምትቀያይር አንዲት ሴት አትጠፋም። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም። ሥራዬ ነበር።

ያን ጊዜ ሁላችንም ጓድ ነበርን። እኔ ጓድነቱ ላይ የሕንፃ ጥገናና ጽዳት ተቆጣጣሪነት ተጨምሮልኛል። ስሙ ሲጠራ ከባድ ነው፤ ሲሠራ መጥረጊያ ቆጠራ ነው። መርካቶ ውስጥ ሦስት የመንግሥት ሕንፃዎች በእኔ ሥር ነበሩ፣ ከነጽዳት ሠራተኞቻቸው፣ ከነዘበኞቻቸው፣ ከነአንድ አናጺያቸው። አናጺው መዶሻ ነበረው። ሚስማሩ ገና በጥያቄ ላይ ስለነበር ቀኑን አብዛኛውን በስብሰባ ያሳልፍ ነበር።

ዋናው ሕንፃ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ባለ አንድ ፎቅ ነው። በነጋዴው ጊዜ አያፈስም ነበር ይላሉ፤ እኔ እንዲህ የሚሉ ሰዎችን ቆሜ አልሰማም ነበር፣ ለእነሱም ለእኔም ስል። ፎቁ ላይ መዝገብ ቤቱ አለ፤ መዝገብ ቤቱ ጣሪያ ላይ ደግሞ ጣት የምታስገባ አንዲት ቀዳዳ አለች። አሁን በመስኮቱ ብቅ በሉና ወደ ታች እዩ። ምን ታያላችሁ? ቆርቆሮ። መንገዱን ይዞ የተደረደረ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚወጋ፣ ኩሊ በራሱ ተሸክሞት «ዞር በል! ዞር በል!» እያለ የሚሮጥበት አዲስ ቆርቆሮ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ፊት ለፊታችን ቆርቆሮ የሚሸጥ ሽኩር የሚባል ጉራጌ ነበር። አንድ ቀን ወደ ጣሪያችን አንጋጦ፣ «ወንድሜ፣ አንድ ቆርቆሮ በነፃ ልስጥህና ገላግለኝ። የናንተ ቤት ገበያዬን እየዘጋው ነው። ሰው ቤት የሚያፈስበት ሰፈር መጥቶ ቆርቆሮ ይገዛል?» አለኝ።

ነገሩን ለአስተዳደር ኃላፊያችን ለጓድ ደምሴ አቀረብኩ። ጓድ ደምሴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ፈሪ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን ከክፉው የሚለየው በድምፁ ብቻ ነው።

«ከግል ነጋዴ ቆርቆሮ?» አለና በሩን ዘጋው። «ነገ ጣሪያችሁ የማን ወገን ነው ብንባልስ?»

ስለዚህ በደንቡ ጻፍን። ሦስት ዓመት ጻፍን። እስከዚያው ባልዲ ተቀመጠ።

ባልዲዋ ከርዳታ ዘይት ጣሳ የተሠራች፣ ከምናለሽ ተራ የመጣች ናት። የሚደፏት የግቢው ዘበኛ ጋሽ ይማም ነበሩ። ጋሽ ይማም ወሎዬ ናቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር በሩ አጠገብ ባለችው የዘበኛ ክፍል ይኖራሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ክረምት ገብቶ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ደረጃውን ይወጣሉ። በሐምሌ ዝናብ ባልዲዋ በግማሽ ሰዓት ትሞላለች፤ ይደፏታል፣ ይመልሷታል፣ ጎኗ ቁጭ ብለው ይጠብቋታል። በዚህ ሁኔታ ሁለት ክረምት አለፈ፤ አንድ ወረቀት አልራሰም። ያመሰገናቸውም አልነበረም። ያልፈሰሰ ውሃ ማን ያየዋል?

በሦስተኛው ሐምሌ ልጄ ሞተች። ስምንት ወሯ ነበር። ትኩሳት ነው። ከዚህ በላይ ስለ እሷ አልጽፍም፤ የማወራችሁ ስለ ባልዲ ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፈቃድ ልጠይቅ ቢሮ መጣሁ። ለምን እንደመጣሁ ዛሬም አይገባኝም። ሰው ልጁ ሞታ ቅጽ ሊሞላ ይመጣል? መጣሁ፤ ሞላሁ። ቅጹ ላይ «የሟች ዝምድና» የሚል ቦታ አለ፤ «የሟች ሥራ» የሚልም አለ። ሁለተኛውን ባዶ ተውኩት። የሦስት ቀን ፈቃድ ተሰጠኝና ስወጣ ጋሽ ይማም በሩ ላይ ያዙኝ።

«ማን አለህ?»

«ባለቤቴ አለች።»

«ሣጥን የሚይዝ ነው የምልህ።»

ዘመዶቻችን ሩቅ አገር ናቸው፤ ወሬው እስኪደርሳቸው ሳምንት ነው። ጋሽ ይማም አንጋጠው ሰማዩን አዩት። ጥርት ብሏል። ፎቅ ወጡ፤ ባልዲዋን ደፍተው ባዶዋን ከቀዳዳዋ ሥር አስተካክለው ተመለሱ። ካፖርታቸውን ደረቡ።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። «ብቻህን አትሄድም።»

ሣጥኗ አንድ ሰው በብብቱ የሚይዛት ነበረች። ከታክሲ አውርደው እስከ ተክለ ሃይማኖት ደጅ የያዟት እሳቸው ናቸው። ደጁ ላይ ሲደርሱ ለእኔ ሰጡኝና እዚያው ቆመው ጠበቁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ዝናቡ መጣ፤ የሐምሌ ዝናብ፣ አስቀድሞ የማያስጠነቅቀው። ከውስጥ ዞር ብዬ ሳይ ካፖርታቸው ላይ እየወረደባቸው ቆመዋል። እኔ ያን ሰዓት ባልዲ የሚባል ነገር መኖሩንም ረስቻለሁ። እሳቸው አልረሱም ነበር። ኋላ ስጠይቃቸው፣ «ወላሂ አሰብኳት። ግን አንተ ልጅ እየቀበርክ እኔ ባልዲ ልድፋ ልበልህ?» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን ሥራ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ደብዳቤ ጠበቀኝ። «በመዝገብ ቤት የሚገኘው ባልዲ ሞልቶ በመፍሰሱ በመንግሥት ሰነዶች ላይ ጉዳት የደረሰ ስለሆነ፣ ጥፋተኛው ተጣርቶ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ እንዲቀርብ» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጉዳቱን ለማየት ወጣሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ በለጡ የራሰውን ወረቀት በረንዳው ላይ እንደ ብቅል አስጥተውታል። የራሰው የታችኛው መደርደሪያ ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። የጣሪያ ጥገና ጥያቄ። የጣሪያ ጥገና ጥያቄ፣ ማስታወሻ። የጣሪያ ጥገና ጥያቄ፣ ሁለተኛ ማስታወሻ። የሦስት ዓመት ደብዳቤያችን ቀለሙ ወርዶ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሆኗል።

«ምነው ሣቅህ?» አሉኝ እትዬ በለጡ።

የሣቅኩ አልመሰለኝም ነበር።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነው፤ የባልዲው መፍሰስ። ጓድ ደምሴ ይመራል፣ እትዬ በለጡ በሠራተኛው ተወካይነት ተቀምጠዋል፣ እኔ አለሁ፣ ጋሽ ይማም ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የጣሪያውን ነገር አነሳሁ።

«ጓድ፣ ጣሪያው ከአጀንዳ ውጪ ነው» አለኝ ጓድ ደምሴ። «ጣሪያው ሦስት ዓመት ሲያፈስ ኖሯል፤ ያደረገው አዲስ ነገር የለም። ጠባዩን የለወጠው ባልዲው ነው።»

«ባልዲ ምን አጠፋ?» አሉ እትዬ በለጡ። «ሞላ፤ ፈሰሰ። እርስዎስ ቢሞላብዎ አይፈሱም?»

ጓድ ደምሴ ይህን አልሰማም። መሰማት የሌለበትን አለመስማት ከሹመቱ ጋር የመጣ ችሎታ ነበር። ቀጥሎ የጠየቀው ጥያቄ ግን የክፍሉን አየር ለወጠው። «ማጣራት ያለብን ይህ ቸልተኝነት ነው ወይስ አሻጥር የሚለውን ነው» አለ።

ያን ጊዜ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ላልነበራችሁ ልንገራችሁ። ቸልተኝነት ከተባለ ስንብት ነው፤ ለጋሽ ይማም ሥራ የለም ማለት የሚያድሩባት ክፍልም የለችም። አሻጥር ከተባለ ደግሞ ያቺ ቃል ሰው ይዛ የምትሄድ ነበረች፤ ለመመለሱ ማንም ዋስ አይሆንም።

ጋሽ ይማም ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተጠየቁ። «ጓዶች፣ ጥፋቴ ሰማዩን ማመኔ ነው» አሉ።

«የት ነበሩ?»

«ጉዳይ ነበረኝ።»

«ምን ጉዳይ?»

ወደ እኔ አላዩም። የልጄን ነገር በባልዲ ስብሰባ ላይ ላለማንሳት ራሳቸውን ለስንብት እያመቻቹ እንደሆነ ገባኝ። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ። ተነሳሁ።

«ልጄን ሊቀብሩ ነው የሄዱት» አልኩ።

ጓድ ደምሴ ብዕሩን አስቀመጠ። «ያጥናህ» አለኝ። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የእግዜርን ስም መጥራት ስለማይችል ማን እንደሚያጠናኝ ሳይናገር ቀረ። ያዘነ ይመስለኛል። ከዚያ ብዕሩን አነሳ። «ይሁን እንጂ ለሥራ ባልደረባ ልጅ ቀብር የሚሰጥ ፈቃድ በመመሪያው የለም።»

በሐዘን የማይከፈት በር ምናልባት በወረቀት ይከፈት ይሆናል ብዬ የያዝኩትን ፋይል ገለጥኩ። የጋሽ ይማምን የሥራ ዝርዝር ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። የግቢ ጥበቃ፤ በር መክፈትና መዝጋት፤ ገቢና ወጪውን መፈተሽ። አለቀ። ባልዲ የሚል ቃል የለበትም።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ማን መድቧቸው ነው የሚደፉት?» አለ ጓድ ደምሴ።

«ማንም አልመደባቸውም።»

«መመደብ የነበረበት ማን ነው?»

መልሱን ሁላችንም እናውቃለን። መመደብ ያለበት የአስተዳደር ኃላፊው ነው። እሱም ጥያቄውን ከአፉ ካወጣው በኋላ አወቀ።

«ጓዶች» አለ በመጨረሻ፣ ላቡን እየጠረገ፣ «ችግሩ የግለሰብ አይደለም። የመዋቅር ክፍተት ነው።»

የመዋቅር ክፍተት በሰው አይሞላም ያለ ማን ነው? በዚያው ዕለት ለበላይ አካል ተጻፈ፤ ባልዲውን በኃላፊነት የሚይዝ የሥራ መደብ እንዲፈቀድልን። ጣሪያው ሦስት ዓመት ያጣውን መልስ ባልዲው በአሥራ አምስት ቀን አገኘ። የመደቡ ስም የጣሪያ ውሃ ተቆጣጣሪ ተባለ። የሚፈለገው ልምድ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት በተመሳሳይ ሥራ። በአገሪቱ ውስጥ ይህን የሚያሟላ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ እገምታለሁ። ጋሽ ይማም በሁለት ክረምት ትጋት ያላገኙትን እድገት በስንብት በኩል አገኙ፤ በዘበኝነታቸውም ቦታ ሌላ ሰው ተቀጠረ፤ ክፍሏ ግን ለእሳቸው ቀረች።

በጋው ገባ። የየሩብ ዓመቱን ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነኝ። «በተጠቀሰው ጊዜ ውስጥ አንድም ጠብታ ውሃ ወለሉ ላይ አልፈሰሰም» ብዬ ጻፍኩ፤ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ንጹሕ እውነት። ጓድ ደምሴ ይህንኑ በስብሰባ አንብቦ ሌሎች ሠራተኞች ከጋሽ ይማም እንዲማሩ መከረ። እትዬ በለጡ አጨበጨቡ፤ ከልባቸው ይሁን አይሁን ፊታቸው አይናገርም።

ሚያዝያ ላይ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ጠጋኞች መጡ። መሰላል ይዘው፣ ሚስማር ይዘው፣ ቆርቆሮ ይዘው፣ ደብዳቤ ይዘው። አናጺያችን ሚስማሩን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ይማም ቀስ ብለው አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ልጄ፣ ያቺ ከተደፈነች እኔ የምን ተቆጣጣሪ ነኝ?»

መደቡ ይታጠፋል፤ የዘበኝነቱ ቦታ ተይዟል። ክፍሏም ለሌላ ትሰጣለች።

ጠጋኙ ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ሆኖ «ጓድ ተቆጣጣሪ! ቀዳዳው የቱ ጋ ነው?» ሲል ጮኸ።

እኔ የተማርኩት የተበላሸን ነገር መጠገን ነው። ለዚያ ነው ደመወዝ የምቀበለው። ጣሪያውን አየሁት፤ ጋሽ ይማምን አየኋቸው፤ ካፖርታቸው ያው ካፖርት ነው። እጄን አንስቼ ከጓድ ደምሴ ቢሮ በላይ ያለውን ደህና ቆርቆሮ አሳየሁት። ከማዶ ሽኩር ሱቁ በር ላይ ወጥቶ፣ «ወንድሜ፣ በወዲያ ነው! እኔ ሦስት ዓመት አየሁት፣ በወዲያ ነው!» እያለ ይጮኻል። እጄን አውለብልቤ ሰላም አልኩት።

ምንም ያላጠፋው ቆርቆሮ ተነቅሎ አዲሱ ተመታ። ሲመሽ መዝገብ ቤት ገብቼ የታችኛውን መደርደሪያ ወረቀት ሁሉ ወደ ላይ አወጣሁት፤ ለዚህ መመሪያ አልጠየቅኩም።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ገባ። ቀዳዳዋን አልሳታትም። ወሩ ሲያልቅ «ሥራው በዕቅዱ መሠረት እየተከናወነ ነው» ብዬ ሪፖርቱን ጻፍኩ። ጓድ ደምሴ ከአዲሱ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ ፈረመበት፤ ከእሱ ፊርማ በታች እኔ ፈረምኩ።